ከእጁ ያልተፈታው ቀይ ክር

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለባምላኩ፤

ባለህበት የኪዳነ ምሕረት ጥላ አይለይህ። እንደምን አለህ? ጤናህስ? ያ በብርድ ጊዜ የሚነሳብህ የደረት ውጋት እንዴት ይዞሃል? እንደምን ሰነበትክ እንዳልልህ፣ ሰነበትክ የሚባለው ሳምንት ሁለት ሳምንት ለራቀ ሰው ነው። እንደምን ከረምክ እንዳልልህም ያለፈው ክረምት አንድ አይደለም። እንግዲያው ለሁለቱም ዓመት አንድ ላይ ሰላም ብዬሃለሁ። የምትበላው ይስማማሃል ወይ? የምትተኛበት ደረቅ ነው ወይ? ሲያምህ ውሃ የሚያቀብልህ ሰው አለህ ወይ? ሁሉንም በየተራው መልስልኝ፤ አንዱን ዘለህ ሌላውን ብትነግረኝ እንደማውቅብህ ታውቃለህ።

እኛ ምን እንሆናለን። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ በጎቹ ወልደዋል። የዘንድሮ ውርጭ ጠዋት ጠዋት ውሃውን በእንስራ ውስጥ ያረጋዋል፤ እናታችን ግን ወገባቸውን እያመማቸውም ቢሆን ዛሬም ከእኔ ቀድመው ይነሳሉ። ይህን የምጽፍልህ በደስታ ነው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርህ። እኔ ነገር አላንዛዛም እላለሁ እንጂ እንደማንዛዛ ከአንተ የተሰወረ አይደለም፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዲላ የሚያስተምረው የጎረቤታችን ልጅ መምህር ትዕዛዙ ለጥምቀት መጥቶ ነበር። የተሳፈረባት መኪና ተበላሽታ ጋራዥ ገብቶ፣ ከመኪና ሥር ተስቦ የወጣው ሰው አንተ ሆነህ እንዳገኘህ ነገረን። እናታችን ወሬውን ሲሰሙ የያዙትን ወንፊት ለቀቁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክህ አይሠራም፤ ሞተህ ይሁን ኖረህ የምናውቀው አልነበረም። ትዕዛዙ ሲነግረን አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «ለምን አትመለስም ብለው ወንድሜን በድን አድርጌ በምን ፊቴ አለኝ» አለ።

ስማኝ ባምላኩ። ወንድምህ አወቀ በድን አይደለም። ትናንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት በእግሩ መጥቷል፤ መንገድ ላይም ከእኔ ጋር ተከራክሯል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብበውና ወደሚቀጥለው እለፍ።

አንተ ከሆስፒታሉ በር የጠፋኸው አደጋው በደረሰ በዘጠነኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ ያየኸውን እኔም አይቻለሁ። ከዘመሮ ገበያ ስትመለሱ ያቺ ጭነት የተሸከመች አህያ ድንገት መንገድ ገባችባችሁ፤ አንተ የምትነዳው ሞተር ሳይክል ተገለበጠ፤ አንተ ክርንህ ተላጠ፤ እሱ ደግሞ ተሽከርክሮ ወደቀ። ራሱ ላይ አንድ ጭረት አልነበረም። የመጀመሪያው የጭንቅላት ፎቶም ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም ተባለ። ታዲያ ለምን አይነቃም? ሁላችንም ያበድነው በዚህ ነበር። ቁስል ቢኖር ቁስሉን እያየን እናለቅስ ነበር፤ ቁስሉም የለም።

አንተ ከጠፋህ በሦስተኛው ቀን ሌላ ዓይነት ፎቶ አነሱትና ሐኪሟ እናታችንንና እኔን አስቀመጠችን። ልጅ እግር ናት፤ ፊቷ ግን የአዋቂ ነው። «ክር ፈትለሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ከመንዝ መጥቼ «አላውቅም» ልላት ነው? «ፈትሉን በሁለት ጫፍ ይዘሽ ድንገት ብትነጥቂውስ?» ስትለኝ፣ «ቦታ ቦታው ላይ ይሳሳል፤ አንዳንዱም ይበጠሳል» አልኳት። «እንዲያ ነው የሆነው» አለች። አእምሯችን ውስጥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መልእክት የሚያመላልሱ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉ። ጭንቅላቱ ሲሽከረከርና በድንገት ሲቆም እነዚህ ክሮች ተለጥጠዋል፤ አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን እዚህም እዚያም። ከውጭ የማይታየው፣ እሱም የማይነቃው ለዚህ ነው። እናታችን፣ «ይቀጠላል ወይ ልጄ?» አሏት። የተበጠሰው እንደነበረ አይቀጠልም፤ የሳሳው ግን ሊያገግም ይችላል፤ አእምሮም ቀስ በቀስ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በወር ሳይሆን በዓመት ቁጠሩት አለቻቸው። ያን ቀን የገባኝ እኔ ነኝ። ስንት ክር በጥሼ ስንት ባና ብርድ ልብስ ሲሠራ አይቻለሁና ተስፋ አልቆረጥኩም።

በሃያ አንደኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ ሲሉኝ እልል እያልኩ ሮጥኩ። ዓይኑ ተገልጧል፤ እኔን ግን አያይም። እልልታዬ አፌ ላይ ቀረ። ከዚያ ስንትና ስንት ቀን ቆይቶ ዓይኑ ሰው መከተል ጀመረ። ከዚያ እጄን ጭመቅ ሲሉት መጭመቅ። ከዚያ ደግሞ መራገጥ፣ በአፍንጫው የገባውን ቱቦ መንቀል፣ ነርሷን በእናቷ መስደብ መጣ። ያ ጨዋ ወንድማችን! እኔ በሀፍረት መሬት ብትውጠኝ ስል ሐኪሟ ፈገግ አለች፤ ብዙዎቹ ሲነቁ እንዲህ ያደርጋቸዋል፤ መንገድ ላይ ነው አለችኝ። የመጀመሪያ ቃሉን ልንገርህ? ሚስቱ እመቤት ፊቱን ስታብስለት አያት አያትና፣ «በጎቹ ገቡ?» አላት። ከሞት ደጃፍ ተመልሶ ስለ በግ። እሷ እስካሁን ይህን እያነሳች ትኮርፈዋለች።

ቤት የገባው በስድስተኛው ወር ነው። አሁን የምነግርህን ሳላሳምርልህ ነው፤ ስትመጣ እንዳትደነግጥ። ሲራመድ ያንገዳግደዋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ጠላ ጠጥቶ ነው ያሉም ነበሩ። ሽታ አይሸተውም፤ እያረረ ካለ ወጥ አጠገብ ተቀምጦ ይጫወታል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ካወራ ራሱን ይዞ ይወጣል። ጥያቄ ጠይቀኸው እስኪመልስ ድረስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል፤ መልሱ ግን ይመጣል፤ የማይመጣው ቸኩለህ ሌላ ጥያቄ ከጨመርክበት ነው። ግማሽ ቀን ሲሠራ ሙሉ ቀን እንዳረሰ ሰው ይዝላል። የቆየውን ያስታውሳል፤ የትኛዋ በግ ከየትኛዋ እንደተወለደች አንድም አይስትም፤ ጠዋት የነገርከውን ግን ማታ አያውቀውም። አደጋውን ከነጭራሹ አያስታውስም፤ አይመለስለትምም ብለውናል። ደግሞ ያሰበውን መዋጥ አይችልም። አማቹ፣ የእመቤት አባት ጋሽ ተክለጻድቅ አንድ ቀን የድሮ የፍርድ ቤት ክርክራቸውን ሲያወሩ፣ «ጋሼ፣ ይችን ድሮም አራት ጊዜ ነግረውናል፤ ያን ጊዜ ግን የረቱት እርስዎ አልነበሩም» አላቸው። ሁላችንም ጣራ ጣራውን አየን። እናታችን በነጠላቸው ውስጥ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነበር። በራሱ ምንም አይጀምርም ነበር። ብላ ካላሉት አይበላም፤ ተነሳ ካላሉት አይነሳም። እንቢም አይል፤ እሺም አይል፤ የታዘዘውን ብቻ ያደርጋል። ስንፍና አይደለም። የአካል እንቅስቃሴ የሚያለማምደው ባለሙያ፣ ሐሳብን ከሥራ የሚያገናኘው ክር ስለተጎዳ ነው አለን፤ መፈለግ፣ በራስ መነሳት፣ እንቢ ማለት ከሁሉም ኋላ የሚመጣ ነው አለ፤ ላይመጣም እንደሚችል አልደበቀንም። ማስታወሻ ደብተር ያዙለት ብሎን ነበር፤ ማንበብ ደግሞ ያደክመዋል። በዚህ ጊዜ እመቤት ብልሃት አመጣች። ከምንፈትለው የበግ ፀጉር ክር እየቆረጠች ግራ እጁ ላይ በቋጠሮ ታስርለት ጀመር። ነጩ መድኃኒት ነው፤ ጥቁሩ በግ ማውጣት ነው፤ ዳለቻው ምሳ ነው። የሠራውን ይፈታል፤ ያልሠራው እጁ ላይ ይቀራል። ማታ እጁ ባዶ ከሆነ ቀኑ ሞልቷል ማለት ነው። እንዲህ እያልን ከረምን፤ እንዲያውም ባለፈው ሰኔ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ባና መሥራት ጀመረ።

አንድ ክር ግን ነበረች፤ ቀይ። ለባናው ጠርዝ ከተነከረው ክር እሷን ብቻ ማንም ሳያዘው ራሱ ቆርጦ፣ በጥርሱ እየሳበ ያሰራት ናት። ከሆስፒታል የመጣ ሰሞን ነው። ለምንድን ነው ብንለው አሰበ፣ አሰበና፣ «የቀረኝ ነገር አለ» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ማታ ሁሉንም ፈትቶ እሷን ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋታል። ፍታት ብንለው እንኳ እጁ አይሄድም፤ ግን እንቢም አይል።

እንግዲህ ጉዱን ስማ። ጎረቤታችን እትዬ ጌታነሽ ይህን ሁሉ ከአጥሯ ማዶ ሆና ታያለች። ባልየው ሚስቱ ካላዘዘችው አይነሳም። እጁ ላይ የተቋጠረ ክር አለ። ጠዋት ሚስቱ ታስራለች፤ ማታ ይፈታል። አዋቂ ሰው ምን ይላል? አፍዝ አደንግዝ ነው አለች። እመቤት ባሏን በመተት አስራዋለች! ክፋት የላትም፤ ስትወደው ነው። ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው እመቤትና እኔ ሞላሌ ገበያ በወረድንበት ቀን፣ ሁለት ሴቶች ጨምራ፣ «አወቀ፣ ተነስ ጸበል እንሂድ» አለችው። ተነስ ከተባለ ይነሳ የለ? ሄደ። ጸበሉ ዳር አስቀምጠው ነጩን በመቀስ ቆረጡ፣ ጥቁሩን ቆረጡ፣ ዳለቻውንም ቆረጡ። እጁን እንደዘረጋ ነው። መቀሱ ቀይዋ ጋ ሲደርስ ግን እጁን ነጥቆ ብድግ አለና፣ «እንቢ! ይችን አትነኩም!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ «ጮኸ! ጮኸ! ሊወጣ ነው!» እያሉ እልልታቸውን አቀለጡት። እሱ ጥሏቸው እየተንገዳገደ ብቻውን ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ ገባ።

እኛ ከገበያ ስንመለስ በጎቹ በረት ውስጥ ይጮኻሉ፤ መድኃኒቱ አልተወሰደም፤ ምሳው እንደተከደነ ነው፤ እሱ በሩ ላይ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ላይ ጭኖ ተቀምጧል። እትዬ ጌታነሽ ከኋላችን ደርሳ የድሏን ወሬ ታወራለች። እመቤት ልትመታት ነው ብዬ መሃል ገባሁ። እሷ ግን የምትሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ምን አለ አልሽ?» አለቻት። «እንቢ አለ እኮ ነው የምልሽ፤ ሰይጣኑ በአፉ...» ስትላት እመቤት መሬት ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እኔም ገብቶኝ አለቀስኩ። ወንድማችን ማንም ሳያዘው፣ በራሱ ልብ፣ እንቢ አለ። ኋላ ይመጣል፣ ላይመጣም ይችላል የተባለው መጣ። እትዬ ጌታነሽ ግራ ገብቷት አብራን አለቀሰች። ማምሻውን የነፍስ አባታችን መጥተው ክሩ መተት ሳይሆን ማስታወሻ መሆኑን አስረዷት፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ጥቁሩን የምታስርለት እሷ ናት፤ ከእኔ በቀር ቋጠሮ የሚያውቅ የለም ትላለች።

የቀይዋን ነገር ያወቅነው ግን ትናንት ነው። አንተ ከጠፋህ በኋላ ጋሽ ተክለጻድቅ ልጄን በቁሟ መበለት አደረጋት ብለው፣ ባምላኩ ካለበት ማዕድ አልቀርብም፣ በደጄም አያልፍም ሲሉ ምለው ነበር። እኛም ከሆስፒታል እንደመጣ አወቀ «ባምላኩስ?» ብሎ አንድ ጊዜ ሲጠይቅ፣ እንዳይታወክ ብለን፣ የጋሼንም መሐላ ፈርተን «ዝም በል፣ ዕረፍ» አልነው። ከዚያ ወዲህ ስምህን በፊቱ አንስተን አናውቅም። ደህና ያደረግን መስሎን ነበር። ትዕዛዙ ወሬህን ሲያመጣ ግን እናታችን፣ «ልጄ በሕይወት እያለ ስሙ ሁለተኛ አይደበቅም» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ጋሽ ተክለጻድቅም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መጡ።

የነፍስ አባታችን አወቀን፣ «ልጄ፣ በወንድምህ በባምላኩ ላይ ቂም አለህ ወይ?» ሲሉ ጠየቁት። ሁላችንም ጠበቅን። አቡነ ዘበሰማያቱ ተደግሞ የእመቤታችን የማርያም ጸሎትም ተጨመረበት። ከዚያ፣ «አባ፣ ቂም ለመያዝ ማስታወስ ያስፈልጋል። እኔ ምን በልቼ እንደመጣሁ አላውቅም» አለ። ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ ተክለጻድቅ ራሳቸው ጋቢያቸው ውስጥ ሲስቁ ሰማኋቸው። እሱ ግን አልሳቀም። ቀይዋን ክር ዳሰሳት፤ አያት፤ ፊቱ በራ። «የእሱ ናት» አለ። «ባምላኩ የት ሄደ ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ እንዳልረሳ ነው ያሰርኳት።» ቀጥሎም እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦ «ቂም የያዘብኝ እሱ ነው መሰል። ይህን ያህል ጊዜ ታምሜ አልመጣም። ምን በድዬው ይሆን? ይቅር በለው በሉልኝ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ጋሽ ተክለጻድቅ ተነስተው፣ «አባ፣ ከመሐላዬ ይፍቱኝ» አሉ። አባም ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር አርባ ድንጋይ በትከሻቸው እንዲያመጡ ቀኖና ሰጧቸው። ዛሬ ጠዋት አምስቱን ሲያመጡ አይቻቸዋለሁ፤ ትናንሽ ትናንሹን ነው የሚመርጡት፤ አባም አይተው እንዳላዩ ሆነዋል።

እና ወንድሜ፣ እንግዲህ ይቅርታ ጠያቂው አንተ ሳትሆን እሱ ሆኗል። እንቢ የምትለው ከሆነ ደብዳቤህን ለእሱ ጻፍ፤ እኔ አላነብለትም። ስትመጣ ሮጠህ አትጠምጠምበት፤ ፊት ለፊቱ ቁመህ ስምህን ንገረውና ጠብቀው። ይቅር በለኝ ብትለው ይቅር ይልሃል፤ በማግስቱ ብትደግመው «ለምኑ?» ይልሃል። ያን ቀን የሆነውን ተሸክመህ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ና፣ እዚህ እናውርድልህ። ይህን ስል ምንም አልሆነም እያልኩህ አይደለም። የድሮው አወቀ እንዳለ አልተመለሰም፤ የመጣው ግን የእኛ ነው፤ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ለቅበላ ድረስ። ጾሙ ሳይገባ የሚታረደውን በግ አወቀ ራሱ መርጦታል፤ የበጉን አያት ስም ሳይቀር ነግሮናል።

ለዲላው ጌታህ፣ ለምትበላባት ሴትዮም፣ ያለ ዘመድ ስላላስቀሩህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በልልኝ። እናታችን አረጋሽ ጉልበታቸውን ይዘው ይስሙሃል፤ ሹራብ ሳትለብስ ደብረ ብርሃን እንዳትደርስ ብለዋል። እመቤት አልጋህን አንጥፌያለሁ ትላለች። የእሷና የአወቀ ልጅ ኮከቤ ሁለት ጥርሷ ወልቋል፤ አጎቴ ሳያየኝ እንዳይበቅልብኝ እያለች ትሰጋለች። ጋሽ ተክለጻድቅ ድንጋዩን ሳልጨርስ ይድረስና ያግዘኝ ብለዋል። እትዬ ጌታነሽ ስለ ጸበሉ ማንም ሳይነግርህ እሷ ልትነግርህ ትፈልጋለች፤ ያነበብከውን እንዳልሰማህ ሁንላት። እኔ እህትህ የምለው አልቆብኛል፤ የቀረውን ፊትህን ሳይ እጨርሰዋለሁ።

አወቀን፣ «ለባምላኩ ምን ብዬ ልጻፍልህ?» አልኩት። አሁን አጠገቤ ተቀምጦ እያሰበ ነው። ቀይዋ ክር በውሃና በሥራ ብዛት ሳስታለች። ቅድም እመቤት እንዳትበጠስ በሌላ ልተካልህ ብላው ነበር፤ ሁለተኛውን እንቢ ያለው ያኔ ነው። አሁን መልሱ መጣ፤ እንዲህ በይው አለኝ፦ «ሳትበጠስ መጥቶ ራሱ ይፍታት።»

እህትህ ወሰንየለሽ
መንዝ፣ ከሞላሌ ወዲህ
ሰኞ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.